በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፦ የአሮጌ ላንድክሩዘር ሕመሞችና መላቸው



በአገራችን የገጠር መንገዶች ላይ የቶዮታ ላንድክሩዘርን ያህል የታወቀ መኪና ጥቂት ነው። ሕመምተኛ ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ሙሽራ የሚያጅበው፣ ለዒድ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ዘመድ የሚዘልቀው፣ ክረምት የበላውን ጭቃ መንገድ እየሰነጠቀ መድኃኒትና እህል የሚያመላልሰው እርሱ ነው። ብዙ ቤተሰብም የዕለት እንጀራውን የሚበላው በዚህ መኪና ላብ ነው።

ይሁን እንጂ መኪናዎቹ አርጅተዋል። ቶዮታ ሰባ እየተባለ የሚጠራውን የላንድክሩዘር ዘር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። «ዋን ኤች ዜድ» የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ የናፍጣ ሞተር የተጨመረለት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ዛሬ በየመንገዱ ከምናያቸው ብዙዎቹ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ናቸው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ አማራጭ የሌለው ጉዳይ ሆኗል።

የዛሬው ጽሑፋችን ሁሉንም ሰው መካኒክ ለማድረግ የተዘጋጀ አይደለም። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ባለ መኪናው ወይም ሾፌሩ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ሕመሙን በትክክል ለይቶ እንዲናገር ነው። ሁለተኛው፣ ጤነኛ ዕቃ ተፈትቶ እየተጣለ አዲስ ሲገዛ የሚባክነውን ገንዘብ ማዳን ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መኪና በሽታውን አይደብቅም። በድምፅ፣ በጭስ፣ በሽታና በንዝረት ይናገራል፤ ችግሩ የሚሰማው ሲጠፋ ነው።

ከመፍታት በፊት

ቁልፍ ከማንሳት በፊት አራት ጥያቄዎችን መመለስ ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው መቼ ነው፤ ጠዋት በቅዝቃዜ ነው ወይስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ? በምን ፍጥነትና በምን መንገድ ላይ ነው? ከመጀመሩ በፊት ምን ተፈትቶ ነበር፣ ምንስ ተቀይሮ ነበር? እየባሰ የሚሄድ ነው ወይስ ባለበት የቆመ? የእነዚህን መልስ በወረቀት ጽፎ ለመካኒኩ መስጠት ግማሹን ሥራ እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ደንብ፣ ምርመራ ምንጊዜም ከቀላሉና ከርካሹ ይጀምር የሚል ነው። የላላ ካቦ፣ የቆሸሸ ፊልትሮ፣ የጎደለ ዘይት ሳይታይ ፖምፓ ወይም ሞተር መፍታት አይገባም። ሦስተኛው ደንብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን ቀይሮ መኪናዋ ብትድን እንኳ፣ የታመመው የትኛው እንደ ነበር አይታወቅም፤ የሁለቱ ዋጋ በከንቱ ወጥቷል ማለት ነው።

አራተኛው ስለ ሕይወት ነው። በክሪክ ብቻ ተነስታ ከቆመች መኪና ሥር ፈጽሞ አይገባም። ክሪክ የሚያነሳ እንጂ የሚይዝ ዕቃ አይደለም። ከሥሯ ጠንካራ ድጋፍ ማቆም፣ መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎች ታኮ ማድረግ፣ ልጆችንም ከአካባቢው ማራቅ ይገባል።

ጠዋት አልነሳ ስትል

በመጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች እንለይ። ሞተሪኖው ሞተሩን አላዞር ማለቱ አንድ ሕመም ነው፤ ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ አልነሳ ማለቱ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም «አልነሳ አለች» ብሎ በአንድ ስም ስለሚጠራቸው ገንዘብ በተሳሳተ ቦታ ይወጣል።

ሞተሪኖው የማያዞር ከሆነ ባትሪውን በመለኪያ ይለኩ። አሥራ ሁለት ቮልት የሚባለው ባትሪ ሙሉ ሲሆንና ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ሲሞላው ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ ባትሪውን ከመክሰስ በፊት ዲናሞውንና ቺንጊያውን መመልከት ይገባል። አንዳንድ ላንድክሩዘሮች ሁለት ባትሪ አላቸው። ሁለት ባትሪ ማለት ግን ሁልጊዜ 24 ቮልት ማለት አይደለም፤ በ12 ቮልት ጎን ለጎን የተያያዙም አሉና አዲስ ባትሪ ከመግጠም ወይም ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ከመበደር በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ ጠንካራ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰምቶ ዝም የሚል ከሆነ፣ በቅድሚያ ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ወፍራም የመሬት ካቦ ፈትቶ፣ ዝገቱን ጠርጎ ማሰር ነው። ከዚያ በኋላም ካልተሻለ፣ በዚህ መኪና ሞተሪኖ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ይሆናል። ይህ በጣም የታወቀ ሕመም ነው። መገናኛዎቹ ለብቻቸው የሚቀየሩ ስለሆኑ ለእነርሱ ሲባል ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ጭስ ማውጫውን ይመልከቱ። ሲዞር ምንም ጭስ የማይወጣ ከሆነ ናፍጣ ወደ ሞተሩ እየደረሰ አይደለም። በናፍጣ ፖምፓው ላይ ቁልፉ ሲከፈት ናፍጣውን የሚለቅ፣ ሲዘጋ የሚያቆም የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሲከፍቱ ከፖምፓው አካባቢ ቀጭን «ጠቅ» መሰማት አለበት። ካልተሰማ ኤሌክትሪኩ መድረሱን ማየት ነው፤ አንዲት የተቃጠለች ፊውዝ ወይም የወለቀች ሽቦ መኪናዋን ልታቆም ትችላለች።

ነጭ ጭስ እየወጣ የማይነሳ ከሆነ ግን ናፍጣው ደርሷል፤ ያልተገኘው ሙቀት ነው። ያኔ ካንዴሊታዎቹን ይመርምሩ። ስድስቱን የሚያያይዘውን የብረት ማገናኛ ፈትቶ፣ የመፈተሻ መብራትን አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ካንዴሊታ ራስ ጋር ማገናኘት ነው። መብራቱ ከበራ ሽቦው አልተበጠሰም፤ ካልበራ ያ ካንዴሊታ ሞቷል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ሦስት ከሞቱ በደጋ ብርድ ጠዋት ማስነሳት ፈተና ይሆናል።

ሌላም አለ። ማታ ደህና ገብታ ያደረች መኪና ጠዋት ብዙ ካዞሯት በኋላ ብቻ የምትነሳ፣ ከተነሳችም በኋላ ለጥቂት ጊዜ የምትንገዳገድ ከሆነ፣ ሌሊቱን በናፍጣው መስመር አየር እየገባ ይሆናል። ይህን ለመለየት ጠዋት ከማስነሳትዎ በፊት በናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ ይምቱት። ያን ጊዜ ወዲያው ከተነሳች፣ ሕመሙ አየር መሆኑ ተረጋገጠ። መድኃኒቱም ያረጁ የናፍጣ ላስቲኮችንና ማሰሪያዎችን መቀየር ነው። ሁለት ክንድ ላስቲክ የሚያድነውን መኪና ለፖምፓ ጥገና ማስገባት ትልቅ ኪሳራ ነው።

ጭስ የሚናገረው

ሞተር በጭሱ ቀለም ይታወቃል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። በቅድሚያ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ። አቧራማ መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና በአጭር ጊዜ ፊልትሮውን ይደፍናል። ከዚያ ኢኔቶሪዎቹ ይፈተሻሉ። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት አንድ የአገራችን ጠባይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ ደጋ ላይ ሲወጣ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያሳይ አያስደንቅም። ጉልበት ለመጨመር ብሎ የፖምፓውን ቪቲ ማጥበቅ ግን ጭሱንና የሞተሩን ሙቀት ያበዛል እንጂ በደጋ አየር የሚጠበቀውን ጉልበት አያመጣም።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግራል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎች ያረጁ ይሆናል። ዳገት ላይ በጭነት ጊዜ የሚወጣና የማይቋረጥ ከሆነ ፋሻዎቹ የተበሉ መሆናቸው ያሰጋል። ነጭ ጭስ ጠዋት ለአንድና ሁለት ደቂቃ ቢታይ ምንም አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሄደ ግን ወደሚቀጥለው ርዕስ ይለፉ።

ጉልበት የቀነሰች መኪናንም በጭሷ መለየት ይቻላል። ጉልበት ጠፍቶ ጥቁር ጭስ ከበዛ አየር አንሷል፤ ወደ አየር ፊልትሮው ይሂዱ። ጉልበት ጠፍቶ ጭስም ከጠፋ ናፍጣ አንሷል፤ ወደ ናፍጣ ፊልትሮው ይሂዱ። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ባለው ቧንቧ የተጠራቀመውን ውኃ በየጊዜው ማፍሰስ አይዘንጋ። ውኃ ፖምፓውን ካበላሸ ወጪው የብዙ ፊልትሮዎች ዋጋ ነው።

ሙቀት

የሙቀት መለኪያው ከልማዱ ከፍ ካለ መኪናዋን ማቆም እንጂ «እስከ ከተማ ልድረስ» ማለት አይገባም። ከመጠን በላይ የሞቀ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ይህም ከሞተሩ ከባድ ወጪዎች አንዱ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳንም ፈጽሞ አይከፈት፤ በእንፋሎቱ ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ ብዙዎች ናቸው።

የራዲያተር ክዳን በብዙዎች ዘንድ የተናቀ ዕቃ ነው። ነገር ግን በደጋ አገር ዋጋው ትልቅ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደህና ክዳን ውኃውን በግፊት ስለሚያፍነው የሚፈላበት ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይሆናል። የክዳኑ ጎማ ያረጀ እንደ ሆነ ግን ግፊቱ ያመልጥና ምንም ሌላ ሕመም የሌለበት ሞተር ዳገት ላይ ይፈላል። ስለዚህ ሙቀት በታየ ጊዜ በመጀመሪያ የሚመረመረው ክዳኑ፣ ቀጥሎ የውኃው መጠንና የላስቲኮቹ ሁኔታ፣ ከዚያም ቺንጊያው ነው።

ቀጥሎ ማራገቢያው አለ። በዚህ መኪና ማራገቢያው በውስጡ ወፍራም ዘይት ባለበት ማያያዣ ይዞራል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲያዞሩት እየከበደ መዞር አለበት። እንደ ልጆች መጫወቻ ያለ ችግር የሚዞር ከሆነ ወይም በዙሪያው የዘይት መስመር ከታየ ማያያዣው ሥራ አቁሟል። የዚህ ሕመም ምልክቱ መኪናዋ በፈጣን ጉዞ ደህና ሆና፣ በዝግታና በዳገት ላይ መሞቋ ነው። በተቃራኒው በፈጣን ጉዞ ላይ የምትሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ በውስጥ ተደፍኗል ወይም በውጭ በጭቃና በነፍሳት ተሸፍኗል። ውኃ ብቻ ሳይሆን ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ የሚጨመርለት ራዲያተር ዕድሜው ይረዝማል።

ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉን ለመለየት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱት። ከራዲያተሩ አፍ ያለ ማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ላስቲክ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። የሞተሩ ዘይት እንደ ቡና በወተት ከመሰለም ውኃ ከዘይት ተቀላቅሏል፤ መኪናዋ በሰው ወይም በመኪና ተገፍታ እንጂ ተነድታ ወደ ጋራዥ መሄድ የለባትም።

የማይታየው ቺንጊያ

በዋን ኤች ዜድ ሞተር ፊት፣ በክዳን የተሸፈነ አንድ ባለ ጥርስ ቺንጊያ አለ። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግና የናፍጣ ፖምፓውን የሚያዞረው እርሱ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ሳይቀየር ቀርቶ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ባልታሰበበት ቦታ ይቆማል። ቺንጊያው ከመበጠሱ በፊት አይጮህም፣ አያጨስም። ከሁሉም ሕመሞች ምልክት የማያሳየው ይህ ነው።

ጊዜው ሲደርስ ከሾፌሩ ፊት «ቲ ቤልት» የሚል መብራት ይበራል። መብራቱ ግን የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ እንጂ የቺንጊያውን ዕድሜ አያይም። ቺንጊያው ሳይቀየር መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል፤ የሚያደርጉትም አሉ። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው፣ የቺንጊያው መቀየር በደረሰኝ ካልተረጋገጠለት በስተቀር፣ ከሁሉ በፊት ቺንጊያውንና የሚወጥረውን ኩሽኔታ ቀይሮ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ኮፈኖው ሥር ጽፎ መለጠፍ ይገባዋል።

መሪ ሲንቀጠቀጥ፣ ፊት እግር ሲያንኳኳ

በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ አንድ ጉድጓድ ከተመታ በኋላ መሪው ከእጅ እስኪወጣ የሚንቀጠቀጥበት ሕመም የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የመሪው አሞርዛተር ተቀይሮ ችግሩ ለጥቂት ሳምንት ይደበቃል። አሞርዛተሩ ግን የሚያስታግስ እንጂ የሚያድን አይደለም። ሥረ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እርሱን ለማግኘት ረዳት የሆነ አንድ ሰው ብቻ ይበቃል።

የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው፣ ድጋፍ አድርገው፣ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያወዛውዙ። ምንም ነጻ እንቅስቃሴ ከሌለ ደህና ነው። ካለ፣ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ፤ እርስዎም እንደገና ያወዛውዙ። ፍሬን ሲረገጥ እንቅስቃሴው ከጠፋ የላሉት የጎማው ኩሽኔታዎች ናቸው፤ አጥብቆ ወይም ቀይሮ ማዳን ይቻላል። ፍሬን ተረግጦም ካልጠፋ የላሉት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ቀጥሎ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ጎኑ ይዘው ያወዛውዙ፤ እንቅስቃሴ ካለ የመሪ ዘንጎቹ ጫፎች ተበልተዋል። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የጎማዎቹን ሚዛንና የቸርኬዎቹን መጣመም ማየት ይገባል።

ከፊት ጎማው በስተ ጀርባ ባለው ክብ ብረት ላይ ጥቁር ሾርባ የመሰለ ቅባት እየወረደ ከሆነ፣ በውስጥ ያለው ዘይት ከልካይ ጎማ ተበልቶ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ይህን «ትንሽ ማላብ ነው» ብሎ ማለፍ ሁለት ጉዳት አለው፤ ዲፈረንሻሉ ዘይት አጥቶ ይቃጠላል፣ የቀጠነው ግራሶም ኩሽኔታዎቹን አያድንም። ጎማውን ከመቀየር በፊት ግን የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ አለመደፈኑን ማየት ይገባል። መተንፈሻው ከተደፈነ በሙቀት ጊዜ ግፊቱ ዘይቱን ይገፋዋል። የጋለው ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ጥልቅ ውኃ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሻሉን ዘይት ፈትቶ ማየት፣ ነጭ ሆኖ ከተገኘ መቀየር ይገባል።

ማርሽ ሲገባና መኪናዋ ስትነሳ ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ የትራንስሚሽኑን ክሮቸራዎች በእጅ አወዛውዞ መፈተሽ ነው። ክሮቸራ የሚሞተው በአብዛኛው ግራሶ በማጣት ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሞተር ዘይት ሲቀየር ክሮቸራዎቹን አብሮ ግራሶ ማጠጣት ልማድ ይሁን።

አራቱም ጎማ አልጎትት ሲል

ጭቃ ውስጥ የፊት ጎማ ሳይዞር ሲቀር ብዙ ሾፌር የሚወቅሰው ካምቢዮውን ነው። በእጅ የሚቆለፍ ማያያዣ ባላቸው መኪናዎች ግን በፊት ጎማዎቹ መካከል ያሉት መቆለፊያዎች «ፍሪ» ላይ ከሆኑ ማንሻው ቢገባም ጎማው አይጎተትም። መቆለፊያው መሥራቱን ለማረጋገጥ መኪናዋ በኋላ ጎማ ብቻ በሚሄድበት ማርሽ ላይ ሆና ሁለቱን «ሎክ» አድርገው አንዱን የፊት ጎማ ከመሬት ያንሱ። ጎማውን በእጅ ሲያዞሩ የፊቱ ትራንስሚሽን አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ መቆለፊያው በቆሻሻና በደረቀ ግራሶ ተይዟል፤ ብዙ ጊዜ ፈትቶ በማጠብና በቀጭኑ በመቀባት ይድናል። ሌላውንም ጎማ እንዲሁ ይፈትሹ።

ሁለቱ ተቆልፈው፣ ማንሻው ገብቶ፣ መሪው ወደ ዳር ሲዞር ከፊት «ቋ ቋ ቋ» የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ቢርፊልድ የሚባለው የፊት መጋጠሚያ ተበልቷል። በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱን ጎማ ማያያዝም ከዚህ ጉዳት አንዱ ምክንያት ነው። በመዞሪያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ አስፋልቱ ስለማያንሸራትታቸው ጥርሶቹ ይወጠራሉ፣ ማንሻውም አልወጣ ይላል። ያኔ በኃይል ከመታገል ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ውጥረቱን ይፈታዋል።

ፍሬን፦ ይደር የማይባልበት

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጣርማበርን፣ የደጋን ገደል የሚያውቅም ቁልቁለት ምን እንደ ሆነ ይገባዋል። ሌላው ሕመም መኪናን ያቆማል፤ ይህ ሕመም ግን መኪናን ማቆም ያቅተዋል።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር መሳብ ጠፍቷል። ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ፤ ከዚያ እንደረገጡ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ፣ በዚህ ሞተር አየሩን የሚስበው ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ የተያያዘ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚነሳውን ላስቲክና ፖምፓውን መመርመር ይገባል። ዲናሞ ተቀይሮ ፍሬን የጠነከረባቸው አጋጣሚዎች ምሥጢራቸው ይህ ነው።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ በመስመሩ አየር ገብቷል፤ ማስተንፈስ ይፈልጋል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነና በጎማዎቹ ዙሪያ የሚያፈስ ካልተገኘ የላይኛው ዋና ፖምፓ ጎማዎቹ አርጅተዋል። ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ በሌላው ወገን ያለው ፍሬን ሰንፏል፤ ሸራው ወይም ታምቡሩ ዘይት ጠጥቶ እንደ ሆነ ይታይ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ዘይቱ የመጣበት ተደፍኖ ሸራው ይቀየራል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ያረጀ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በመሆኑም መያዣው ሙሉ ቢሆንም እንኳ በሁለት ዓመት አንዴ መለወጥ ይገባዋል። የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት እዚያ መጨመር ደግሞ ጎማዎቹን ሁሉ ስለሚያሳብጥ ፈጽሞ አይደረግም። ቁልቁለቱን ለመውጣት በሚያስፈልግ ማርሽ መውረድ የቀደሙት ሾፌሮች ትምህርት ነው፤ ዛሬም ከእርሱ የተሻለ አልተገኘም።

ሲገዙና ሲሸጡ

አሮጌ ላንድክሩዘር የሚገዛ ሰው መኪናዋን በቀዝቃዛ ሞተር ማየት ይገባዋል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ የጠዋቱ ሕመም ተደብቋል። የሻንሲውን ዝገት በባሌስትራዎቹ ማሰሪያ አካባቢ፣ የፊት እግሩን ክብ ብረት፣ የራዲያተሩን ውኃ ቀለም፣ የአራቱን ጎማ አበላል መመልከት ያስፈልጋል። ሻጭም ቢሆን የሚያውቀውን ነውር ተናግሮ ቢሸጥ ይሻላል። በተለይ የፍሬንና የመሪ ጉድለት ተደብቆ ከተሸጠ፣ ገዢው የሚጭነው ሚስቱንና ልጆቹን መሆኑን ማሰብ ነው።

ለወጣቶች ደግሞ አንድ ቃል አለን። ዛሬ መኪና ጋራዥ የሚገባው ብዙ ነው፤ በጥሞና የሚያዳምጥ መካኒክ ግን ሁሌም ይፈለጋል። ሙያውን ለመማር የምትፈልጉ፣ ከመፍታት በፊት መጠየቅን፣ ከመቀየር በፊት መለካትን ተማሩ። ካቻቪቴና ፒንሳ ሁሉም ይይዛል፤ «ይህ ዕቃ ደህና ነው፣ አይቀየርም» ብሎ ለባለ መኪናው የሚነግር ግን ደንበኛው አይርቅም።

በመጨረሻም ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆን ልማድ እንጠቁም። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ኮፈኖውን ከፍቶ ዘይት፣ ውኃና የፍሬን ዘይት ማየት፣ መኪናዋ ካደረችበት ቦታ መሬቱ ላይ ጠብታ መኖሩን መመልከት፣ ጎማዎቹን መዞር ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ማንም ሊሠራው ይችላል። አንድ ደብተር መኪናዋ ውስጥ አኑሮ የተቀየረውን ሁሉ ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ መጻፍም ለመካኒኩም ለባለ ንብረቱም ትልቅ እገዛ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ዛሬ በጠብታ የታየው ነገ መንገድ ላይ ከነቤተሰብ ሳያስቀር ይያዛል፣ ኢንሻአላህ።